ከያሽ እስከ ስድስት ኪሎ

በአገራችን ሰው ሲያርፍ፣ አስከሬኑ ወደ መቃብር ሳይወርድ አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ የሚነበበው ዜና ሕይወት መልኩ የታወቀ ነው፤ «ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት፣ በዚህ አውራጃ፣ በዚህ ወረዳ ተወለዱ» ብሎ ይጀምርና፣ ፊደል የቆጠሩበትን ደብር፣ የያዙትን ሹመት፣ ያፈሩትን ልጅና የልጅ ልጅ በየተራው ቆጥሮ፣ «ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው» በሚለው ዐረፍተ ነገር ይዘጋል። ለዘመድም ለጎረቤትም ይህን ዓይነት ወረቀት ደጋግሜ ስለ ጻፍሁ ሥርዐቱን አልነቅፍም፤ ለቀስተኛው በፀሓይ ቆሞ እየሰማ ሳለ ፍልስፍና አይፈልግም። ነገር ግን ይህ ሥርዐት የተሠራው በአንድ አጥቢያ ተወልዶ፣ በዚያው ክርስትና ተነሥቶ፣ በዚያው ተድሮ፣ በዚያው ለሚቀበር ሰው ነው፤ ከአንድ አገር ተገፍቶ ወጥቶ፣ በሁለተኛው አድጎ፣ በሦስተኛው ሠርቶ ላረጀ መጻተኛ ግን ልኩ አይሆንም፤ ምክንያቱም የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ታሪክ ከትውልድ ቀዬው ይልቅ በአንዱና በሁለተኛው አገር መካከል ባለው መንገድ ላይ የተጻፈ ነውና።

በግንቦት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ90 ዓመት በላይ ኖረው በአዲስ አበባ ያረፉት ወይዘሮ ሪታ ፓንክረስት ከዚህ ወገን ነበሩ። ስለ እርሳቸው የሚናገር ሁሉ ነገሩን የሚጀምረው ከአማታቸው ከሲልቪያ ፓንክረስት ነው፤ ከዚያም ወደ ባለቤታቸው ወደ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ይሻገርና፣ እርሳቸውን «ባለቤታቸውም» በምትል አንዲት ቃል አስታኮ ያልፋል። የሁለቱ ስም ገናና ስለ ሆነ ይህን የሚያደርገውን ሰው እጅግ አልወቅሰውም። እኔ ግን ዛሬ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ፣ ከምራቲቱ ተነሥቼ ወደ አማቲቱና ወደ ቤተሰቡ መሄድ እወዳለሁ፤ ከሦስቱ መካከል የስደትን ጽዋ በልጅነት የቀመሱት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ለተማሪው ሁሉ በየቀኑ እጁ ይደርስበት የነበረው ሥራም የእርሳቸው ነው ብዬ አምናለሁና።

ሪታ በ1927 (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት፣ የእኛ መሆናቸውን ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ምሥራቅ ሮማኒያ በያሽ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ያሽ ቀድሞ የሞልዳቪያ መሳፍንት መናገሻ የነበረች፣ በ1860 የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተባት፣ የባለቅኔዎችና የሊቃውንት ከተማ ነበረች። ዳሩ ግን ሕፃኒቱ በተወለደችበት በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ከተማ፣ ኮርኔሊዩ ኮድሬያኑ የተባለው ሰው አይሁድን ማሳደድ ዋና ዓላማው የሆነ አንድ የፖለቲካ ማኅበር አቋቋመ፤ ስሙንም «የሊቀ መላእክት ሚካኤል ሌጌዎን» አለው። የእኛ ሰው በየወሩ በ12 ቀን ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ቆርሶ፣ ድኻ አብልቶ የሚዘክረው የምሕረት መልአክ ስም፣ በዚያ አገር ጎረቤትን ከጎረቤት ለሚያባርር ጭፍራ ዐርማ ሆኖ መዋሉን ሳነብ፣ በተቀደሰ ስም የሚሠራ ክፋት ወሰን እንደሌለው ተረዳሁ።

ጥቂት ዓመታት አለፉና በጥር 1938 የሮማኒያ መንግሥት የአይሁድን ዜግነት እንደገና የሚመረምር ሕግ አወጣ፤ በዚህም ሕግ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ የሆኑ ሰዎች በገዛ አገራቸው አገር የለሽ ሆኑ። የሪታ ቤተሰብ በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። መውጣታቸው ምን ያህል በጊዜው እንደ ነበረ የታወቀው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1941፣ በያሽ አይሁድ ላይ በወረደው እልቂት ነው፤ የሟቾቹ ቁጥር ከ13,000 በላይ እንደሚሆን ይነገራል፤ ብዙዎቹም የሞቱት በሰኔ ሐሩር በተዘጉ የዕቃ ባቡሮች ታጭቀው፣ ውሃ እየለመኑ ነው። በትምህርት ቤት ከሕፃኒቱ ጋር በአንድ ወንበር የተቀመጡ ልጆች፣ ከቤተሰቧ ጋር በአንድ ገበያ የሚገበያዩ ሰዎች ከዚያ ባቡር ውስጥ አልነበሩም ለማለት የሚደፍር የለም።

የሪታ ቤተሰብ በተሻገረበት ወራት በእንግሊዝ አገር ሌላም ስደተኛ ነበረ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 ጀምሮ በባዝ ከተማ ተቀምጠው፣ ከብርዱና ከገንዘብ ማጣቱ ጋር እየታገሉ፣ አገራቸው የምትመለስበትን ቀን ይጠባበቁ ነበር። በለንደን ዳርቻ በዉድፎርድ ደግሞ ሲልቪያ ፓንክረስት፣ ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት በግንቦት 5 ቀን 1936 የመጀመሪያ ቁጥሩ የወጣውን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ በየሳምንቱ ያሳትሙ ነበር። ግንቦት 5 የሲልቪያ የልደት ቀን ጭምር ነበረ፤ በዚያ ዕለት 54 ዓመት ሞላቸው። በዚህ መሠረት ከሮማኒያ የመጣችው ልጅ፣ ከኢትዮጵያ የተሰደዱት ንጉሥና ለእኒህ ንጉሥ ይሟገቱ የነበሩት እንግሊዛዊት፣ እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ደሴት ላይ ከአንድ ዓይነት መቅሠፍት ተጠልለው ወይም ከዚያው መቅሠፍት ጋር እየታገሉ ኖሩ።

ልጂቱ አድጋ በኦክስፎርድ ፈረንሳይኛና ሩስኛ ተማረች፤ ኋላም በለንደን በዓለም አቀፍ ጉዳዮች ተቋም በቤተ መጻሕፍት ሥራ ገባች። የልብ ወዳጅዋ የሆነው ወጣት የታሪክ ምሁር ሪቻርድ፣ እንደ እርሷው በ1927 የተወለደ፣ የሲልቪያ አንድያ ልጅ ነበረ።

ስለዚህ ቤተሰብ ስም አንዲት ነገር ጣልቃ ላግባ። የሪቻርድ አባት ሲልቪዮ ኮሪዮ ከአገሩ ከጣሊያን በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት ተሰድዶ በለንደን የሚኖር ጋዜጠኛና አታሚ ነበረ፤ ሲልቪያ ግን ከእርሱ ጋር ሕጋዊ ጋብቻ ለመፈጸም ፈቃደኛ ስላልሆኑ ልጁ የእናቱን የቤተሰብ ስም ወረሰ። በዚህም የተነሣ ለሴቶች የምርጫ መብት በመታገል ስማቸው በዓለም የታወቀው አያቲቱ ኤመሊን ፓንክረስት ከልጃቸው ጋር ተቀያይመው፣ ሳይታረቁ በ1928 ዐረፉ። እንግዲህ በእኛ አገር ስም ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ፣ ሪታ ባገቡ ጊዜ የተቀበሉት ስም ከእናት ወደ ልጅ በሴት በኩል የመጣ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ለምራት ቀላል ቤት አይደለም፤ ሁለት ትውልድ ሙሉ እስር ቤት የገቡ፣ በረኀብ አድማ የተንገላቱ፣ ከገዛ ቤተሰባቸው ጋር እንኳ በመርሕ ጉዳይ የተጣሉ ሴቶች ወደ ኖሩበት ቤት መግባት ነውና።

በ1956 ሲልቪያ በ74 ዓመታቸው፣ ሌላው ሰው ጡረታውን እየተቀበለ በእሳት ዳር በሚቀመጥበት ዕድሜ፣ ቤታቸውን ዘግተው ከልጃቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ሪታም በዚያው ዓመት ተከተሉ። በማግሥቱ ዓመት ሁለቱ ተጋቡ። መጽሐፈ ሩትን ያነበበ ሰው ሞዓባዊቱ ምራት አማቷን ኑኃሚንን ተከትላ ወደ ቤተ ልሔም እንደ ሄደች ያስታውሳል፤ ነገር ግን ቤተ ልሔም የኑኃሚን አገር ነበረች፤ ዘመድም፣ ርስትም፣ የሚቀበላት ጎረቤትም ነበራት። ሪታ የተከተሉት ግን ራሳቸው አማቲቱ እንግዳ ወደ ሆኑባት አገር ነበረ። ከሩት ጋር የሚያመሳስላቸው ሌላ ነገር ነው፤ ሩት በደረሰች ጊዜ ወደ እርሻ ወጥታ ቃርሚያ እንደ ለቀመች፣ እርሳቸውም እንደ ደረሱ ሥራ ያዙ። ሥራውም ከነጻነት በኋላ በ1944 በተቋቋመው በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በዚያን ጊዜ አነጋገር በወመዘክር፣ ነበረ።

ሲልቪያ በኢትዮጵያ የኖሩት አራት ዓመት ብቻ ነው። በእነዚያ አራት ዓመታት «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት መሥርተው በየአውራጃው እየዞሩ ይጽፉ ነበር፤ ቀድሞም ገና በለንደን ሳሉ፣ በወጣትነቷ ለተቀጠፈችው ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ የሆነው ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ ሲያሰባስቡ መኖራቸው የታወቀ ነው። ያረፉት በመስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በመስቀል በዓል ዕለት ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ታላቅ ሥርዐት በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ፣ ለአርበኞች በተለየው ስፍራ ተቀበሩ፤ የክርስትና ስማቸውም ወለተ ክርስቶስ ተብሎ ተጠራ። የሴትዮዋ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተጽፎአል፤ እዚህ ላይ አላረዝመውም። ያላለቀውን መጽሔት ግን ማን ያዘው? ሪቻርድና ሪታ ያዙት፤ እስከ አብዮቱ ድረስም ሁለቱ አዘጋጁት።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቤተሰቡ ሁለት ልጆች አፈራ፤ ወንዱን የዶጋሊውን ጀግና ራስ አሉላን አስበው አሉላ አሉት፤ ሴቲቱን ሔለን አሏት። በዚያው ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለከፍተኛ ትምህርት ሰጥተው፣ ስድስት ኪሎ የነገሥታት ግቢ መሆኗ ቀርቶ የተማሪዎች ግቢ ሆነች፤ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ፤ በማግሥቱ ዓመትም ሪታ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ የተሠራውና በፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ መታሰቢያነት የተሰየመው ታላቁ ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው በእርሳቸው የኃላፊነት ዘመን ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሥራ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው፣ መጽሐፍ ተቀብሎ መደርደሪያ ላይ ማቆም ይመስለዋል። እስቲ እኔና የዘመኔ ተማሪዎች እናውቀው የነበረውን የካርድ መሳቢያ አንድ ጊዜ ልክፈተው። የእንጨት ሣጥን ነው፤ ፊቱ ላይ ስሙን የያዘች ትንሽ የብረት ክፈፍና አንዲት መጎተቻ አለው፤ በውስጡ በወፍራም ወረቀት የተቆረጡ ካርዶች፣ ማንም እንዳይመዝዛቸው ከግርጌ በኩል በአንድ ቀጭን ዘንግ ተሰክተው ቆመዋል፤ የካርዱ አናት ከተማሪ ጣት ብዛት ወይቦ፣ ጫፉ ተላጦ፣ በታይፕ የተመታው ፊደል ግን እንዳለ ነው። አሁን በዚህ መሳቢያ ውስጥ ኢትዮጵያዊ ደራሲ የት ይግባ? የፈረንጅ ቤተ መጻሕፍት በቤተሰብ ስም ይመድባል፤ የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ በአባቱ ስም ብትመድበው ልጁ የጻፈውን መጽሐፍ ለአባቱ ሰጠህ ማለት ነው፤ ስለዚህ በገዛ ስሙ ይቆማል። እሺ፣ በገዛ ስሙ ይቁም፤ ስሙ «ኃይሉ» ቢሆን ከየትኛው «ሀ» ዘንድ እንፈልገው? አንዱ አታሚ በብዙኃኑ ኀ ያትመዋል፤ ሁለተኛው በሐመሩ ሐ፤ ሦስተኛው በሃሌታው ሀ፤ ደራሲው ራሱ በአንደኛው መጽሐፉ አንዱን፣ በሁለተኛው ሌላውን ጽፎ ሊገኝ ይችላል። የሰ እና የሠ፣ የአ እና የዐ፣ የጸ እና የፀ ነገርም ይኸው ነው። «ንጉሥ» የሚል ርእስ ያለው መጽሐፍ በእሳቱ ሰ ገብቶ ቢገኝ፣ ተማሪው መጽሐፉ የለም ብሎ ይሄዳል፤ መጽሐፉ ግን አለ። በዚህ ላይ የዘመን ነገር ይጨመራል፤ በሽፋኑ 1956 ተብሎ የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ፣ አጠገቡ 1956 ተብሎ ከታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጋር የአንድ ዓመት ልጅ አይደለም፤ ሰባት ስምንት ዓመት ይለያያሉ።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ወሰነ አልልም፤ እንዲህ ያለ ነገር በብዙ ኢትዮጵያውያን ባልደረቦች ክርክርና ትዕግሥት የሚቃና ነው፤ እነዚያ ሠራተኞችም በየመዝገቡ ስማቸው ሳይጠራ ያለፉ ናቸው። ቢሆንም ዐሥር ዓመት ያህል የቤቱ ኃላፊ ሆኖ፣ ሥርዐቱ እንዲጸና የሚያደርግ፣ ሠራተኛ የሚያሠለጥን፣ መጽሐፍ የሚገዛ፣ ገንዘብ የሚለምን ሰው ሥራ ምን እንደሚመስል ከዚህ ይታወቃል። የእኔ ትውልድ ያን ቤት በተጠቀመ ጊዜ እርሳቸው ከአገር ወጥተው ነበር። ያዘጋጁትን ጠረጴዛ ሳናውቃቸው በላንበት።

ከሥራቸው ሁሉ እኔ ደጋግሜ የማነበው ግን በ1973 በለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት መጽሔት ያወጡት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ስላከማቹት ቤተ መጻሕፍት የሚናገረው ጥናት ነው። ነገሩን ከታሪክ መጻሕፍት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ንጉሡ ከጎንደርና ከየገዳማቱ የሰበሰቧቸውን ብራናዎች በአምባው ላይ ለሚያሠሩት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አኖሩ፤ በሚያዝያ 1868፣ በፋሲካ ማግሥት፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ሰብሮ ሲገባ ንጉሡ ራሳቸውን ሰዉ፤ ግምጃ ቤቱም ተዘረፈ፤ ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደና፣ በዚያ ሁለት ቀን ሙሉ በሐራጅ ተሸጠ። ከሠራዊቱ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ የመረጣቸው ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ለሙዚየሙ ገቡ፤ ብዙዎቹ ግን ሠራዊቱ ወደ ባሕር ሲመለስ በእንደርታ ለጨለቆት ካህናት ተሰጡ።

የታሪክ ጸሓፊ ይህን ሲጽፍ ስለ ጦርነቱና ስለ ንጉሡ ሞት ይጽፋል። ወይዘሮ ሪታ የጠየቁት ሌላ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ተብሎ ሊጠራ የሚበቃ ስብስብ ነበረ ወይ? ስንት መጽሐፍ? ከየት የመጡ? ስለ ምን የሚናገሩ? የትኛው አሁን የት አለ? ጭስና የደም ሽታ ካለበት ታሪክ ፊት ቆመው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በየቀኑ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቁ። እኔ ይህን ከማንኛውም ዋይታ ይልቅ ብርቱ ክስ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ የተዘረፈ ሰው ዕቃው ምን ምን እንደ ነበረ ዘርዝሮ ካልቆጠረ ዳኛ ፊት ቆሞ የሚለው የለውምና። ዐፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥትን ለይተው ስሙን ጠርተው በጠየቁ ጊዜ፣ ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ስለ ነበረው አንዱን በ1872 መመለሱ ለዚህ ምስክር ነው። ከልጅነታቸው ከተማ ተነቅለው የወጡ ሴት፣ ከቦታቸው ተነቅለው የተወሰዱ መጻሕፍትን አንድ በአንድ ሲከታተሉ ማየት አንዳች ነገር ይናገራል፤ እርሳቸው ግን በጽሑፋቸው ስለ ራሳቸው አይናገሩም።

ዘመነ ደርግ መጣ። ዩኒቨርሲቲው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተዘጋ፤ ተማሪው ወደ ገጠር ተበተነ፤ ብዙ የሚያውቋቸው ሰዎች ታሰሩ፣ ተገደሉ። በ1976 ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ ለሪታ ይህ ሦስተኛው ፍልሰት ነበር።

እዚህ ላይ ታሪክ አልፎ አልፎ የምትሠራው አንድ ቀልድ አለ። በለንደን የሲቲ ኦፍ ለንደን ፖሊቴክኒክ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ኃላፊ ሆነው እንደ ተቀጠሩ፣ የሴቶችን የመብት ትግል መዛግብት የያዘው የፎሴት ቤተ መጻሕፍት በገንዘብ ማጣት ሊበተን ተቃርቦ ነበርና፣ በ1977 ፖሊቴክኒኩ እንዲረከበው ካደረጉት ሰዎች አንዷ እርሳቸው ሆኑ፤ መጻሕፍቱም ከመሬት በታች ባለ ክፍል፣ በምሥራቅ ለንደን፣ አማታቸው በወጣትነት ከሠራተኛ ሴቶች ጋር በታገሉበት ሠፈር አቅራቢያ አረፉ። ቀልዱ ይህ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ የተሰየመላቸው ሚሊሰንት ፎሴት፣ መብቱ በሕግና በልመና ይገኛል የሚሉት ወገን መሪ ነበሩ፤ ፓንክረስቶች ደግሞ መስተዋት ሰባሪው፣ ወኅኒ ወራጁ ወገን ነበሩ። ሁለቱ ወገኖች በዘመናቸው እንደ ቅባትና እንደ ተዋሕዶ ሊቃውንት ሲከራከሩ ኖረዋል። በመጨረሻ የፎሴትን መጻሕፍት ከመበተን ያዳነች እጅ የፓንክረስት ምራት እጅ ሆነች። ዛሬ ያ ስብስብ በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል።

በ1987፣ ገና ደርግ ሳይወድቅ፣ ባልና ሚስቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ሰው ሁሉ ከአገር ለመውጣት በሚሻማበት፣ በየኤምባሲው በር ሰልፍ በሚታይበት ዘመን ወደዚህ የሚመጣ ሰው ማየት ራሱ ያስገርም ነበር። የመጀመሪያው ስደታቸው የወላጆቻቸው ውሳኔ ነበር፤ ሁለተኛው ከፍቅር ጋር የመጣ ነው፤ ሦስተኛውን ዘመኑ አስገደደ፤ አራተኛው ግን የስድሳ ዓመት ጎልማሳ በሙሉ ልቡ ያደረገው ምርጫ ነው። ከዚህ በኋላ ከባለቤታቸው ጋር በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት እንዲመለስ በተደረገው ሙግት፣ የመቅደላ ቅርሶች እንዲመለሱ በሚጥረው ማኅበርም ሲደክሙ ኖሩ፤ ሐውልቱ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ሲመለስ ለማየትም በቁ።

በእርጅናቸው ወራት ከጻፏቸው መካከል ከእቴጌ ጣይቱ በፊት ስለ ነበሩ ሦስት ሴቶች የሚናገረው ጥናት አለ፤ ስለ ንግሥት እሌኒ፣ ስለ እቴጌ ሰብለ ወንጌልና ስለ ባቲ ድል ወንበራ። ምርጫው አስደናቂ ነው። እሌኒ ከሐድያ ገራድ ቤት፣ ከእስላም ወገን መጥተው፣ በክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት የነገሥታት መካሪ ሆነው ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላኩ ናቸው፤ ድል ወንበራ የኢማም አሕመድ ሚስት፣ ሰብለ ወንጌል ደግሞ በዚያው ኢማም የተሳደዱት የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት ናቸው። እኛ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አብረን የማናስቀምጣቸውን፣ ጠላትና ወዳጅ ብለን የከፈልናቸውን ሴቶች፣ ሪታ በአንድ ማዕድ ዙሪያ አስቀመጧቸው። ከውጭ የመጣ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚያየው ይህ ነው፤ ወገን ስለሌለው ሁለቱንም ወገን ያነባል።

ልጆቹም ከወላጆቻቸው መንገድ አልራቁም። አሉላ በ1992 ያሳተሙት መጽሐፍ በድርቁ ዘመን ከወሎ ወደ ወለጋ ስለ ሰፈሩ ገበሬዎች የሚናገር ነው፤ ከቀዬው የተነቀለ ሰው በአዲሱ መሬት ላይ ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚናፍቅ፣ ለምንስ እንደሚጠፋ፣ መንግሥት እንደ ዘገበው ሳይሆን ሰፋሪው እንደ ተናገረው የጻፈ የስደተኛ ልጅ ነው። ሔለን በዚያው ዓመት በመንዝ ስለሚኖሩ ሴቶች ሕይወት ያሳተሙት መጽሐፍ አለ፤ በ2012 በለንደን የኦሊምፒክ መክፈቻ ሥነ ሥርዐት ላይም፣ የመብት ታጋዮቹ ትዕይንት በቀረበ ጊዜ፣ ከልጃቸው ጋር በአደባባዩ ተሰለፉ። የቤተሰቡ ትዝታ ራሱ «ኢትዮጵያዊ ትዝታዎች» ተብሎ ሊተረጎም በሚችል ርእስ፣ በሪቻርድና በሪታ በአንድነት ተጽፎ በ2013 ታትሞአል። ፕሮፌሰሩ በየካቲት 2017 ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ በክብር ተቀበሩ፤ ወይዘሮ ሪታም ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተሏቸው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታዬን ልናገር። አገራችንን የወደደ የውጭ ሰው ሲገኝ፣ እኛ ፈጥነን «የኢትዮጵያ ወዳጅ» የሚል ማዕርግ እንሰጠዋለን፤ ሲሞትም በዚያው ማዕርግ እንሸኘዋለን። ክብር መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ወዳጅ በበር ተቀብለህ፣ ቡና አፍልተህ፣ በበር የምትሸኘው ሰው ነው። ወይዘሮ ሪታ ደመወዝ እየተቀበሉ በመሥሪያ ቤት የዋሉ፣ የበጀት እጥረት ያስጨነቃቸው፣ የገዛ ልጆቻቸውን በአዲስ አበባ ያሳደጉ፣ በክፉ ቀን የወጡ፣ ክፉው ቀን ሳያልቅ የተመለሱ ሴት ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ወዳጅ ሳይሆን የቤቱ ሰው ነው፤ የቤት ሰው ደግሞ ከምስጋና ይልቅ ሥራው እንዲቀጥልለት ይፈልጋል።

ስለዚህ ጎዳና ይሰየምላቸው፣ ሐውልት ይቁምላቸው አልልም፤ በከተማችን ጎዳና የሚሰየመው ለሚረሳ ሰው ነው የሚል ጥርጣሬ አለኝ። የምለምነው ያነሰ ነገር ነው። አንድ የሚተጋ ተርጓሚና አንድ የማይሰስት አሳታሚ ተገናኝተው፣ ስለ መቅደላው ቤተ መጻሕፍትና ስለ ሦስቱ ሴቶች የጻፏቸውን ሁለቱን ጥናቶች፣ ከግርጌ ማስታወሻቸው ጋር፣ በአማርኛ፣ በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ያውጡልን፤ በኪስ የምትያዝ፣ ተማሪ በምሳው ገንዘብ የሚገዛት ትሁን። ገዢ እንደማታጣ እኔ ዋስ ነኝ፤ የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ቅጂዎችም ለወዳጆቼ የማድላቸው እኔ ነኝ።